ሁለት አያቶች፣ ሁለት ተራሮች፣ አንድ የዓመት ፈቃድ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት መዋል ሲጀምሩ ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ሰሞኑን ከሽሮ ሜዳ አካባቢ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ የጻፉልን ግን የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ሰፋ አድርገን ልንነጋገርበት ወደድን።

እኒህ እናት ትውልዳቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አጠገብ ነው። ወላጆቻቸው በሽመና ሥራ አዲስ አበባ ገብተው ኖረዋል፤ አባት ሲያርፉ እናትየዋ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ባለቤታቸው ደግሞ ከጂንካ በላይ ካለው ከአሪ ደጋ የመጡ ናቸው። የእርሳቸውም እናት በሕይወት አሉ። ልጆቹ ሦስት ሲሆኑ ትልቁ 13፣ ተከታይዋ 10፣ የመጨረሻው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በነሐሴ በቤተሰቡ አሮጌ መኪና ወደ ደቡብ ሊወርዱ አስበዋል። እንግዲህ ለጨንቻ ስንት ቀን፣ ለጂንካ ስንት ቀን? ልጆቹ በበኩላቸው አባታቸው ሲያወሩላቸው የኖሩትን የኦሞን ወንዝ፣ ኮልቾ ከሚባለው የካሮ መንደር አፋፍ ላይ ቆመን ካላየነው ብለዋል። «ባለቤቴ እኩል ለእኩል እንክፈለው ይላሉ» ሲሉ ጽፈዋል እናትየዋ፤ «እኔ ግን በሁለቱም ቤት የሚጠብቀኝን ሥራ ሳስበው፣ የእኔ ዕረፍት የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል አልታየኝም።»

የጥያቄው ፍሬ ይህችው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ለመሆኑ የዓመት ፈቃድ ለምን ተሰጠ? ሠራተኛው እንዲያርፍ ነው። በፈረንሳይ አገር ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1936 ታግለው ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት ሲያስፈቅዱ፣ ብዙዎች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕርና ተራራ ለማየት እንደበቁ ይነገራል። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን እየጨመረ ይሰጣል። ጠያቂያችን ዘጠኝ ዓመት ስላገለገሉ 20 የሥራ ቀን አላቸው ማለት ነው። የሥራ ቀን መባሉን ልብ ይሏል፤ የሳምንቱ ዕረፍትና የሕዝብ በዓላት ከዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ሌላም ብዙ ሴቶች የማይጠቀሙበት አንቀጽ አለ፤ ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ፈቃዱ ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል። ይህን ይያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አባትየው እኩል ለእኩል ማለታቸው በቅንነት ነው። ማንኛዋም አያት እንዳትቀየም አስበዋል። ዳሩ ግን ሁለቱ ተራሮች በነሐሴ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። አውሮጳውያን መኪና ይዘው አልፕስን ሲያቋርጡ የሚፎክሩበት የስቴልቪዮ መተላለፊያ 2,757 ሜትር ነው፤ እርሱም በክረምታቸው በበረዶ ተዘግቶ ይከርማል። በእኛ በኩል በዚያው ከፍታ ሰው ጎጆ ሠርቶ፣ እንሰት ተክሎ፣ ሸማ እየሸመነ ይኖራል። ይሁን እንጂ በነሐሴ ጉሙ ከቤት ደጃፍ አይነሣም፤ ዝናቡ አያባራም፤ የመንደሩ መንገድ ጭቃ ነው። ልጆች ውጭ ወጥተው የሚጫወቱበት ወቅት አይደለም።

ወደ ደቡብ ኦሞ ሲወርዱ ደግሞ የዝናቡ ሥርዐት ይለወጣል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር ነው። አዲስ አበባ በጎርፍ በምትታጠብበት በነሐሴ ቆላው በአመዛኙ ደረቅ ነው። የአሪ ደጋ ዝናብ ባያጣም የጨንቻን ያህል አይጨፈግግም። ስለዚህ በነሐሴ ብዙውን ቀን ለጂንካ መስጠት አማትን ማስበለጥ አይደለም፤ የሰማዩን ጠባይ ማወቅ ነው። የጨንቻ ተራ ደግሞ በመስከረም ይመጣል። የዶርዜና የጋሞ ሰው ለመስቀል ወደ አገሩ ካልገባ እንደጠፋ እንደሚቆጠር ጠያቂያችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ልጇ ለመስቀል አጠገቧ የተቀመጠች እናት፣ በነሐሴ ጉም ውስጥ ለምን ሰባት ቀን አላደረሽም ብላ አትወቅስም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ጠያቂያችን ከ20ው ቀን 15ቱን ለነሐሴ ያውጡ፣ አምስቱን ለመስቀል ያስቀምጡ። እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ቢነሡ በዚያው ቀን አርባ ምንጭ እንግባ ብለው አይጣደፉ። መንገዱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ሕፃን ደግሞ የኪሎ ሜትር ነገር አይገባውም። ወላይታ ሶዶ ላይ ማደር ይሻላል። ሰኞ ከሶዶ ተነሥተው፣ አርባ ምንጭ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ዳገት ወጥተው ጨንቻ ሁለት ሌሊት ይደሩ። አያት ጋ ሳይወጡ ግርጌውን ይዞ ማለፍ በምንም ሒሳብ አይመከርም፤ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ረቡዕ ከጨንቻ ወርደው በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ጂንካ ይገባሉ። ከአርባ ምንጭ ጂንካ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ የረቡዑ መንገድ ራሱ ለልጆች ትምህርት ቤት ነው። ኮንሶ ላይ ቆም ብለው ምሳ ሲበሉ፣ አባቶች ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካቡ ተራራውን እንዴት እርሻ እንዳደረጉት ያሳዩአቸው። ዩኔስኮ ይህን የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከኮንሶ ወደ ወይጦ ሸለቆ ሲወርዱ ሙቀቱ ከመኪናው መስኮት ይገባል። ከወይጦ ወደ ቀይ አፈር ሲወጡ ደግሞ አየሩ መልሶ ይቀዘቅዛል። በአንድ ቀን ውስጥ ብርድ ልብስና ካናቴራ ሁለቱም ስለሚያስፈልጉ፣ ልብሱን በሻንጣው ሥር አይቅበሩት።

ጂንካ ከደረሱ በኋላ ከረቡዕ እስከ ተከታዩ እሑድ አምስት ሌሊት ሳይንቀሳቀሱ ከአማት ዘንድ ይቀመጡ። ለምን አምስት? ትንሹ ልጅ የማያውቃት አያቱን እንዲለምድ ነው። ይህ ለኮልቾው ጉዞ ወሳኝ መሆኑን ቆይተን እናያለን።

ዕረፍት የሚባለው ነገር የሚፈተነው እዚሁ ላይ ነው። አሪም ሆነ ጋሞ እንሰት ተክሎ የሚበላ ሕዝብ ነው። እንሰት ከተቆረጠ በኋላ መፋቁ፣ ቆጮውን ጉድጓድ አስገብቶ ማብላላቱ፣ አውጥቶ መጭመቁና መጋገሩ የሴት ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች ምራት እግሯን ዘርግታ ቡና ስትጠጣ መታየት ያሳፍራታል። አማትየዋም በበኩላቸው እንግዳ መጣ ብለው ከዘወትሩ እጥፍ ይሠራሉ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሴቶች በአንድ ጓዳ ሲደክሙ ይሰነብታሉ፤ ወንዶቹ ደጅ ተቀምጠው «እንዴት ያለ ዕረፍት ነው!» ይላሉ።

ከጉዞው በፊት ባልና ሚስት ስለዚህ በግልጽ ይነጋገሩ። ነገሩን ለአማት መንገር የልጅየው እንጂ የምራቲቱ ተግባር አይደለም። «እማዬ፣ እሷ ዓመቱን ሙሉ በማሽን ላይ ቆማ የዋለች ሰው ናት፤ አንቺም አትድከሚ» ማለት የሚያምርበት እርሱ ነው። የ13 ዓመቱ ልጅ ውኃ ይቅዳ፣ እንጨት ይፍለጥ፤ አያቱ ቤት ነው፣ ሆቴል አይደለም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ለሕፃኑ የሚሆነው የገንፎ ዱቄት ከአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ ይሂድ። ቅዳሜ ደግሞ የጂንካ ገበያ ቀን ነው። በዚያን ቀን እናትየዋ ልጅ ሳያዝሉ፣ ዘንቢል ሳይሸከሙ ገበያውን ዞረው ይመልከቱ። ልጆቹን አባታቸው ከከተማው ከፍ ብሎ ወዳለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ይዘዋቸው ይውጡ። ካሮ ማን እንደሆነ፣ ሐመር ማን እንደሆነ አስቀድሞ ያየ ልጅ መንደሩ ሲደርስ አፉን ከፍቶ አይቆምም።

ቀጥሎ ኮልቾ ነው። አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ሕፃን ይዞ ኮልቾ ምን ያደርጋል?» እንደሚሉ እንገምታለን። እኛም ሕፃኑን ይዛችሁ ሂዱ አንልም። ኮልቾ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች መንደር ስትሆን ከፍታዋ ከ500 ሜትር በታች ነው። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚለያይ ይታወቃል። ስለዚህ በጨንቻና በኮልቾ መካከል ቢያንስ 14 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። የቆላው ሙቀትና የመንገዱ አቧራ ለሁለት ዓመት ሕፃን ቅጣት ነው፤ ወባውም አለ። አምስት ሌሊት አያቱን የለመደ ልጅ ግን ሦስት ሌሊት አብሯት ቢያድር አይጎዳም፤ አያትም ትደሰታለች።

ታዲያ እናትየው ከሕፃኑ ጋር ይቅሩ፣ አባትና ትልልቆቹ ይሂዱ የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። እኛ አንስማማበትም። በብዙ ቤት የሚታየው ይህ ነው፤ ሌላው አይቶ ይመጣል፣ እናት ታሪኩን ትሰማለች። ጠያቂያችን ራሳቸው ልቅር ካሉ መብታቸው ነው፤ ሳይጠየቁ የሚቀሩ ከሆነ ግን ትክክል አይደለም።

ሰኞ ከጂንካ ተነሥተው በቀይ አፈርና በዲመካ በኩል ቱርሚ ይግቡ፤ ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው። ከቱርሚ ወደ ኮልቾ ከ60 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የአፈር መንገድ ስላለ፣ አሮጌዋን መኪና እዚያው አቁሞ ከፍ ያለ መኪና መከራየት ወጪ ቢመስልም ቁጠባ ነው። በመንገዱ ላይ ውኃ የሌለበት አሸዋማ ወንዝ ይሻገራሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋ ላይ የጣለ ዝናብ ድንገት ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል፣ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ምሳ መብላት አይገባም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮልቾ ደርሰው እዚያው ድንኳን ተክለው ቢያድሩ፣ ረቡዕ ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ኦሞ ቡናማ ሆኖ በመንደሩ ሥር ሲጠመዘዝ ያያሉ። ልጆቹ የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ሊያዩትም የሚገባ ነው። ወደ ውኃው ልውረድ ለሚል ልጅ ግን መልሱ አይሆንም ነው፤ ኦሞ አዞ አለበት።

በኮልቾ የሚኖሩት ካሮዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው። በነጭ ኖራና በቀለም ገላቸውን አስጊጠው የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ስለተሠራጨ፣ እንግዳ ሁሉ ካሜራውን ደቅኖ ይመጣል። ለመንደሩ መግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለፎቶግራፍ መክፈል የተለመደ ነው፤ ክፍያውን በምሽግ ተከራክሮ ከማሳነስ ይልቅ አስቀድሞ ከአስጎብኚው ጋር ቁርጥ አድርጎ መነጋገር ይበጃል። ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበን ግን ልጆቻችን የሚማሩት ነገር ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጨዋታ፣ ፎቶግራፉ ከመጣም መጨረሻ ላይ ይምጣ። የ10 ዓመቷ ልጅ በእሷ ዕድሜ ያለች የካሮ ልጅ ወንድሟን አዝላ ስታያት፣ «እንደኔው ታላቅ እኅት ናት» ብላ እንድታስብ ማድረግ የእናት ሥራ ነው።

ለልጆቹ ሊነገራቸው የሚገባ ሌላም አለ። ካሮዎች ከጥንት ጀምሮ የኖሩት በኦሞ ሙላት ነው። ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ሲጎድል፣ ትቶት በሄደው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ግልገል ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ አመጣጥ እንደ ድሮው አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ማብሪያውን ተጭነን የምናበራው መብራት ከዚህ ወንዝ ጋር የተያያዘ መሆኑን የ13 ዓመት ልጅ ሊረዳው ይችላል። እዚያው ኮልቾ አፋፍ ላይ ቆሞ ቢሰማው ከመጽሐፍ ይልቅ ይገባዋል።

እናቶችን በሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በዚህ አካባቢ «ሚንጊ» በሚባል ልማድ፣ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ መንታ ሆነው የተወለዱ፣ ሥርዐቱ ሳይፈጸም የተጸነሰ ልጅ መርገም ያመጣል ተብሎ ከእናቱ ጉያ ይነጠቅ ነበር። የካሮ ሽማግሌዎች ይህን ልማድ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. አስቀርተዋል። ለዚህ የደከሙት ከራሱ ከካሮ ሕዝብ የወጡና የተማሩ ልጆች ናቸው። ወሬውን እዚያ መንደር ውስጥ እንደ ተረት መጠያየቅ ነውር ነው፤ ልጇን ያጣች እናት አጠገባችሁ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል።

ረቡዕ ቱርሚ ተመልሰው ካደሩ በኋላ ሐሙስ ወደ ጂንካ ሲወጡ የቀይ አፈርን ገበያ በቀኑ ያገኙታል። ማር ከፈለጉ እዚያ ይጠይቁ። ሐሙስና ዓርብ ከአማት ዘንድ ያድራሉ፤ ይህ ለስንብትና ሕፃኑን መልሶ ለማቀፍ በቂ ነው። ቅዳሜ አርባ ምንጭ ወርደው እሑድንም እዚያው ያርፋሉ። በዚህ ቀን አያትም አማትም የሉም፤ ምግቡን ሌላ ሰው ይሠራዋል። ለብዙ እናቶች ከጉዞው ሁሉ የሚታወሳቸው ይህ ቀን ቢሆን አይግረምዎ። ሰኞ ሶዶ፣ ማክሰኞ አዲስ አበባ። ረቡዕ የፈቃዱ 15ኛ ቀን ስለሆነ ልብሱ ይታጠባል፤ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ይገባሉ። ከመኪና ወርዶ በማግሥቱ ማሽን ላይ መቆም የፈቃዱን ጥቅም ያጠፋዋል።

ስለ ጤና ጥቂት እንጨምር። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አገር የወባ አገር ነው፤ አርባ ምንጭም፣ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ጂንካ ከተማም ከዚህ ውጭ አይደሉም። አጎበር ከአዲስ አበባ ይዘው ይሂዱ፤ ሲመሽ ልጆቹ እጅጌውና እግሩ ረጅም ልብስ ይልበሱ። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ቆላውን ብትተወው ይመረጣል። መከላከያ መድኃኒት እንደሚያስፈልግና እንደማያስፈልግ ጤና ጣቢያ ጠይቆ መወሰን ነው፤ ጎረቤት የተረፋትን ኪኒን ለልጅ መስጠት ክልክል ነው። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ቢጫ ወባ ታይቶ ሰፊ የክትባት ዘመቻ ተካሂዷል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ማርበርግ የተባለው ቫይረስ በጂንካ መገኘቱ ተገልጾ ነበር። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የጤና ሚኒስቴርን መግለጫ መከታተል፣ ስለ መንገዱም ጸጥታ ጂንካና ኮንሶ ካለ ዘመድ ደውሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሁሉም በላይ ይህን አይርሱ፤ ወባ ከተነደፉ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይነሣል። ከጉዞ መልስ ልጅ ቢያተኩሰው «ብርድ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡም ደቡብ ኦሞ ደርሳችሁ እንደመጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ወባን ቀድሞ የሚጠረጥር ላይኖር ይችላል።

የቀሩት አምስት ቀናት የመስቀል ናቸው። መስከረም 17 የሕዝብ በዓል ስለሆነ ከፈቃድ አይቆጠርም፤ እሑድም እንዲሁ። አምስቱ የሥራ ቀን ወደ ሰባት ቀን ይዘረጋል፤ መንገዱ ሲቀነስ አምስት ሌሊት ለጨንቻ ይተርፋል። ቀድሞ ካደሩት ሁለት ሌሊት ጋር ሲደመር ሰባት፤ በጂንካም ያደሩት ሰባት ነው። አባትየው የፈለጉት እኩልነት ይኸው ተገኘ፤ ብቻ በአንድ ወር ውስጥ አይደለም።

ነገር ግን በዚያን ጊዜ ትምህርት ተጀምሯል። ትልልቆቹ ከትምህርት መቅረት የለባቸውም። እናትየው ትንሹን ይዘው በአውቶቡስ ይሂዱ፤ አባትየው ከሁለቱ ልጆች ጋር አዲስ አበባ ይቅሩ። ጠዋት ቀስቅሶ፣ ምሳ ዕቃ ቋጥሮ፣ ማታ የቤት ሥራ ማየት ለሰባት ቀን የሚያቅት ነገር አይደለም። እናት፣ እኅት ወይም ሠራተኛ ፍለጋ ሳይሮጡ ራሳቸው ቢሠሩት ልጆቹም ያያሉ። ወጡ ቢቀጥን ግድ የለም። ሴትየዋም በእናታቸው ቤት፣ ለበዓሉ በተቆረጠው እንሰት ፊት፣ ይሥሩም ይቀመጡም ምርጫው የእርሳቸው ይሆናል፤ ሴት ልጅ በእናቷ ጓዳ ውስጥ መሥራቷና ምራት በአማቷ ጓዳ ውስጥ መሥራቷ አንድ አይደለምና።

ፈቃዱን ለሁለት ለመክፈል ማመልከቻው አሁኑኑ ይጻፍ። አሠሪው የዓመቱን የፈቃድ ፕሮግራም የሚያወጣው የድርጅቱን ሥራና የሠራተኛውን ፍላጎት አመዛዝኖ ነው፤ ስለሆነም ዘግይቶ የጠየቀ ሰው በሌላው ቀን ላይ ይመደባል። በማመልከቻው ላይ ሁለቱን ጊዜያት በቀንና በወር ለይተው ይጻፉ፤ በነሐሴ 15፣ በመስከረም 5 የሥራ ቀን። አንድ ቅጂ በቁጥር አስመዝግበው ለራስዎ ያስቀሩ።